ወንዙን በሚያዝያ መለካት

ምሥራቅ ጎጃምን በነሐሴ ያየ ሰው ውሃ የሚያልቅ ነገር አይመስለውም። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ወንዝ ሁሉ፣ ሙጋውም፣ ሱሃውም፣ አዝዋሪውም፣ አፈር ተሸክሞ እያጓራ ወደ ዓባይ በረሃ ይንደረደራል። ስለ ኤሌክትሪክ የሚያስብ እንግዳ በዚያ ወር ቢመጣ እያንዳንዱን ፏፏቴ በኪሎዋት እያሰላ ይመለሳል። እኔ የሄድኩት በሚያዝያ ነው። አንድ የውሃ መሐንዲስ ወዳጄ፣ «የገጠር ማመንጫ ይሠራበታል የሚባል ወንዝ ማየት ከፈለግህ በከሳበት ወር ሂድ፤ በክረምትማ ሁሉም ወንዝ ጀግና ነው» ስላለኝ ነበር። መንገዱ ሰላም የነበረበት ጊዜ ነው፤ ዛሬ ያንኑ ጉዞ እንደዚያ ልሂደው ብል አይሆንም።

ከደጀን ወደ ቢቸና የሚወስደው መንገድ በጤፍ አገር መሐል ያልፋል። በሚያዝያ ማሳው ባዶ ነው። ገለባው በየደጁ ተከምሯል፤ በሬዎች የመጀመሪያውን እርሻ ገብተዋል፤ ጥቁሩ መሬት ተሰነጣጥቆ ዝናብ ይጠብቃል። በስተምዕራብ ጮቄ በጭጋግ ውስጥ ይታያል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ይህ ተራራ ለጎጃም ወንዞች የውሃ ጎተራ ነው፤ ጓሳውና አስታው፣ ጅባራውም የክረምቱን ዝናብ ይዘው በበጋ ቀስ እያሉ ይለቁታል። ቢያንስ ድሮ እንዲያ ነበር። በየድልድዩ ላይ መኪናው ሲያልፍ ወደ ታች ስመለከት ያየሁት ግን በነጭ ድንጋይ መሐል እየተሽሎከለከ የሚሄድ ቀጭን ውሃ ነው። አንዱ ጋ ሴቶች አሸዋውን በእጃቸው ቆፍረው በጣሳ እየቀዱ ጀሪካን ይሞሉ ነበር።

ቢቸና፣ የበላይ ዘለቀ አገር፣ ማታ መብራት አላት። መብራቱ ሲጠፋ የሚያማርር ሰው አለ፤ ይህም ቀድሞ መኖሩን የሚመሰክር ነው። ከከተማው ጥቂት ወጣ ሲሉ ግን የኤሌክትሪክ ሽቦው በጎጆዎች አናት ላይ አልፎ ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳል። ከሥሩ ያሉት ቤቶች በኩራዝ ወይም ከገበያ በተገዛች ትንሽ የሶላር አምፖል ያመሻሉ። በገበያ ቀን በአንድ ሱቅ ጠረጴዛ ላይ በየስማቸው ወረቀት የተለጠፈባቸው ስልኮች ተደርድረው ቻርጅ ሲደረጉ አይቻለሁ። ባለቤቶቻቸው ጤፋቸውን ሸጠው፣ ጨውና ሳሙና ገዝተው፣ ማታ ስልካቸውን አንስተው ይሄዳሉ። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ማዳረስ ፕሮግራም ላይ ከሕዝቡ 44 በመቶው ብቻ ኤሌክትሪክ እንደሚያገኝ፣ ከዚያም ውስጥ ከጠቅላላው ሕዝብ 11 በመቶ የሚሆነው የሚያገኘው ከዋናው መስመር ውጭ እንደሆነ ተመዝግቧል። የቀረው ከግማሽ በላይ የሆነው ሕዝብ በአብዛኛው ገጠር የሚኖር ነበር።

ይህ አገር ለትንሽ የውሃ ኃይል እንግዳ አለመሆኑን ብዙ ሰው ረስቶታል። የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው አባ ሳሙኤል፣ ራሱ 6.6 ሜጋዋት ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በንጉሡ ዘመን ጅማም፣ አምቦም፣ ደብረ ብርሃንም እያንዳንዳቸው በአቅራቢያቸው ካለ ወንዝ ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ኪሎዋት የሚሰጡ ማመንጫዎች ነበሯቸው። ደብረ ማርቆስም ነበራት። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በጨሞጋ ወንዝ ላይ የተተከለው ማመንጫ 200 ኪሎዋት የማይሞላ ነበር፤ የያኔዋ ደብረ ማርቆስ ግን በእርሱ ታበራ ነበር። ከዚያ ከተሞቹ አደጉ፣ ዋናው መስመር ደረሰ፣ ትንንሾቹ ማመንጫዎችም አንድ በአንድ ቆሙ። ማርጀታቸው ብቻ አይደለም ያቆማቸው። ትልቁ መስመር ሲመጣ ትንሹን ከእርሱ ጋር አያይዞ እንዲሠራ የሚያደርግ ሐሳብም ሕግም አልነበረም። ይህን ሳስብ ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ ተገድቦ፣ ቦይ ተቆፍሮለት፣ ቱቦ ተዘርግቶለት ኃይል የሰጠ ወንዝ ላይ ከዜሮ መጀመር አያስፈልግም ነበር።

ከቢቸና ደብረ ወርቅን አልፈን ሞጣ ገባን። ከሞጣ ወጣ ብሎ፣ ከጮቄ በኩል በሚወርድ አንድ ጅረት ላይ ያለ የውሃ ወፍጮ ለማየት ነበር ሐሳቤ። ወፍጮ ቤቱ የድንጋይ ግድግዳና የሣር ክዳን ያለው ዝቅተኛ ቤት ነው። ከወንዙ የተጠለፈው ውሃ በአፈር ቦይ መጥቶ፣ በተቦረቦረ ግንድ አሸንዳ ተወርውሮ ከቤቱ ሥር ያለውን ጠፍጣፋ የእንጨት መዘውር ይመታል። መዘውሩ ከቆመ ዘንግ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሲዞር የላይኛውን ድንጋይ ያዞራል። ማርሽ የለው፣ ቺንጋ የለው። ባለወፍጮው ሽማግሌ ናቸው። እኔ ስደርስ ድንጋዩ ቆሞ፣ እርሳቸው በር ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ዛሬ አይፈጩም እንዴ?» አልኳቸው።

«ቀን ቀን ውሃው የሽንኩርት ነው፣ ልጄ። ማታ ሲሆን የኛ ነው።»

ከላይ ያሉት ገበሬዎች በበጋ ሽንኩርትና ድንች ያጠጣሉ። ተራውን የሚያዘው የውሃ አባት ነው፤ በእርሱ ቃል ላይ ሰው አይከራከርም፣ ቢከራከርም በሽማግሌ ያልቃል። ስለዚህ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ወፍጮው የሚዞረው ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው። ይህን ስሰማ ወዲያው ወዳጄን መሐንዲሱን አሰብኩት። ስለ አነስተኛ የውሃ ኃይል የሚጻፉ ብዙ ጥናቶች የመስኖና የኤሌክትሪክ ፍላጎት ይጋጫል ብለው ይጀምራሉ። እዚህ ግን ሕዝቡ ራሱ ቀንና ሌሊቱን ተካፍሎ ጨርሶታል፤ መብራት የሚፈለገው ደግሞ ውሃው ነፃ በሚሆንበት ሰዓት ነው።

ውሃው ማታ እስኪለቀቅ ጠበቅንና ቦዩን ለካን። ስፋቱ 50 ሳንቲሜትር፣ ጥልቀቱ 20 ነው። በላዩ ላይ የጣልናት ገለባ 10 ሜትር ለመሄድ 14 ሰከንድ ፈጀባት። ከላይ ያለው ውሃ ከታችና ከዳር ካለው ስለሚፈጥን ከፍጥነቱ ሲሦ ያህሉን መቀነስ ግድ ነው፤ እንዲያ ሲሰላ በሰከንድ 50 ሊትር ያህል ይመጣል። ውሃው ወፍጮው ዘንድ የሚወድቀው ቢበዛ ከአምስት ሜትር ነው። ከዚህ የሚገኘው ኃይል ብክነቱ ሲቀነስ አንድ ኪሎዋት ተኩል ቢሆን ነው፤ ለድንጋዩ ይበቃል፣ ለመንደር አይበቃም። ነገር ግን ከወፍጮው ዝቅ ብሎ መሬቱ ገደል ነው። ቦዩን በገደሉ አፋፍ ጥቂት ቢያስኬዱት 30 ሜትር የሚሆን ቁልቁለት ያገኛል። ያው 50 ሊትር ከ30 ሜትር ሲወድቅ፣ አርባ በመቶው በቱቦና በማሽን ቢባክን እንኳ፣ ወደ 9 ኪሎዋት ይሰጣል።

ዘጠኝ ኪሎዋት ምንድን ነው? አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይፈልጋል፤ ሦስት ቤት እንጀራ ሊጋግር ቢነሳ መንደሩ ይጨልማል። ለእያንዳንዱ ቤት 40 ዋት ቢመደብ ግን ለሁለት መቶ ቤት መብራት፣ ሬዲዮና የስልክ ቻርጅ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር መብራት ብቻ ከሆነ የሚፈለገው በየቤቱ ሶላር መስቀል ይቀላል፣ ይረክሳልም። የወንዝ ኃይል የሚያሸንፈው ሞተር ማዞር ሲቻል ነው። ከሰኔ ጀምሮ ውሃው ቀንም ነፃ ነው። ያኔ ያው ማመንጫ ዘመናዊ ወፍጮ ያዞራል፣ የብየዳ ሥራ ይሠራል፣ በጤና ኬላው ማቀዝቀዣ የክትባት መድኃኒት ያቆያል። በዚያ አካባቢ የናፍጣ ወፍጮ ለማግኘት ጤፍ በአህያ ጭነው ግማሽ ቀን የሚሄዱ ሴቶች አሉ። ናፍጣው ሲጠፋ ደግሞ ወረፋ ጠብቀው ሳያስፈጩ የሚመለሱበት ቀን አለ። እኔን የሚገደኝ የእነርሱ ድካም ነው፤ ለቴሌቪዥኑ ጊዜ አለው።

ለሽማግሌው ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ስነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡኝና፣ «ቦዩ በማን መሬት ነው የሚያልፈው?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ከእኔ ስሌት ሁሉ ይከብዳል። ሞጣና ቢቸና መሬት ሊለካ የመጣን ሰው በጥርጣሬ የሚያዩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ ግብሩ ርስታችንን በቃላድ ለክቶ ለመውሰድ ሰበብ ነው ብሎ የጎጃም ገበሬ አመፀ፤ እነዚህ ሁለት አውራጃዎች ከአመፁ ዋና ዋና ቦታዎች ነበሩ። መንግሥት የጦር አውሮፕላን እስከ መላክ ደረሰ፤ በመጨረሻም ውዝፉን ግብር ለመማር ተገደደ። በ1989ኙ የመሬት ድልድልም ገመድ የያዘው ሰው ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው ሰጥቷል፤ የተቀነሰበት አልረሳም፣ የተሰጠውም አልረሳም። እንግዲህ ባለሙያ ነኝ ያለ አንድ ሰው ሜትር ይዞ በማሳ መሐል ሲያልፍ ገበሬው መጀመሪያ የሚያየው ሜትሩን ነው። ቦዩ የሚያልፍበት መሬት ባለቤት ከማንም በፊት መብራት ሊያገኝ፣ ካሳውም በሽማግሌ ፊት ሊቆረጥ ይገባል። ይህ ካልቀደመ ተርባይን ማጓጓዝ ገንዘብ ማባከን ነው።

በማግስቱ ወደ ዓባይ ወረድን። ከሞጣ አምባ እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ጉልበት ይፈታል፤ ከደጋ ተነስቶ ቆላ መድረስ በአንድ ቀን ሁለት አገር ማየት ነው። እህል የጫኑ አህዮች ከሥር ሲወጡ መንገድ እየለቀቅንላቸው ወረድን። ታች ስንደርስ የዓባይ ውሃ በሚያዝያም ዓባይ ነው፤ ቢቀንስም በጥቁር ዓለት መሐል ጠልቆ ይሄዳል።

እዚያ ያለው፣ ሰባራ ድልድይ የሚባለው የድንጋይ ድልድይ የተሠራው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ዘመን ነው። ብዙ ሰው የፖርቱጋሎች ድልድይ ይለዋል። ፋሲል ግን ኢየሱሳውያኑን ያስወጡ ንጉሥ ናቸው፤ ድንጋዩን የጠረቡት፣ ኖራውን ያቦኩት እጆች የኛው ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ድልድዩ ጎጃምን ከበጌምድር ሲያገናኝ ኖሮ በጣሊያን ወረራ ዘመን መሐሉ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት በዚያና በዚህ ዳር የቆሙ ጎልማሶች በተጣለ ገመድ ሰውን እየጎተቱ ያሻግሩ ነበር። ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ እ.ኤ.አ. በ2001 የዚህን ፎቶግራፍ በመጽሔት ላይ አየ። በዓመቱ መጥቶ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ክፍተቱን በብረት ገጠመው፤ በዚሁ ምክንያት የመሠረተው ድርጅት ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች የእግረኛ ድልድይ ሠርቷል። ግን እ.ኤ.አ. በ2005 ክረምት የዓባይ ሙላት የተጠገነውን ክፍል ጠርጎ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ከሙላቱ በላይ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የኬብል ድልድይ ተሠራ። በእርሱ ላይ ቆሜ ወደ አሮጌው ግንብ ተመለከትኩ። ኖራው አሁንም ድንጋዩን አጥብቆ ይዞታል፤ የፋሲል ጊዜ ቅስት አንድ ጎኑ እንደቆመ ነው።

መሐንዲሱ ወዳጄ ያልነገረኝን ያን ቦታ ላይ ተረዳሁት። የሚያዝያው ልኬት የሚያገለግለው ማመንጫው ስንት ኪሎዋት እንደሚሰጥ ለማወቅ ነው፤ ጠለፋው፣ የቦዩ አፍና ማሽን ቤቱ ግን መቆም ያለባቸው የነሐሴን ጎርፍ አስበው ነው። ባለወፍጮው ሽማግሌ ይህን ኖረውበታል፤ የወንዙን ጠለፋ በየዓመቱ ከመስከረም በኋላ በድንጋይና በጭቃ እንደ አዲስ ይሠሩታል። በሲሚንቶ የሚሠራው ጠለፋ ግን በአንድ ክረምት ከተገነጠለ ቀበሌው መልሶ የሚሠራበት ገንዘብ አይኖረውም። ስለዚህ ውሃው ከላዩ እንዲያልፍ ተደርጎ ዝቅ ብሎ ሊሠራ፣ ደለሉ የሚወጣበት በርም ሊኖረው ይገባል። ደለሉ ቀላል ነገር አይደለም። ከጮቄ የሚወርደው አፈር የተርባይኑን ምላጭ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ተራራው አናት ድረስ ገብስና ድንች እየታረሰ፣ ጓሳው እየተነቀለ በሄደ ቁጥር ሁለት ጉዳት አብሮ ይመጣል፤ የክረምቱ ጎርፍ ይበረታል፣ የሚያዝያው ውሃ ይቀንሳል። እኔ ለኤሌክትሪክ የተመደበ ብር በእጄ ቢሆን ከፊሉን ለጮቄ ጓሳና እርከን አውለው ነበር።

በዚያ ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውሃ ጉባ ደርሶ በታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተርባይኖች ውስጥ ያልፋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ እኔ ከለካሁት ቦይ ከአምስት መቶ ሺህ ጊዜ በላይ መሆኑ ነው። ለዚያ ግድብ የሞጣም የቢቸናም ገበሬ ቦንድ ገዝቷል፣ ከኪሱ አዋጥቷል። ታዲያ ይህ ሁሉ ኃይል እያለ ስለ ዘጠኝ ኪሎዋት ማውራት ለምን? የሕዳሴው ኃይል ወደ አንድ ሸለቆ መንደር ለመውረድ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመር፣ በገደል ላይ የሚተከል ምሰሶና ቆጣሪ ይፈልጋል፤ ሁለት መቶ ቤት ተበታትኖ በሚኖርበት ገደላገደል ይህን ሁሉ ማድረስ ዓመታት ይፈጃል። ውሃው ግን አሁንም በደጃቸው እያለፈ ነው። በጨሞጋና በየዳ ወንዞች ላይ ሊሠራ የታሰበው ትልቅ ማመንጫም እስካሁን አልተሠራም።

ትንንሾቹ ግን በሌላ ቦታ ተሞክረዋል። በሲዳማ የጀርመን የልማት ድርጅት ከ15 ዓመት ገደማ በፊት በጎቤቾ፣ በኤረርቴና በሃገረ ሶዲቻ እያንዳንዳቸው 60 ኪሎዋት የማይሞሉ ማመንጫዎች ተክሏል። ኔፓሎች ደግሞ ከዚህም ርቀው ሄደዋል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በቡትዋል ከተማ ወርክሾፖች ተርባይኑን ራሳቸው እየበየዱ፣ እንደኛ ያለውን የእንጨት ወፍጮ በብረት እየቀየሩ፣ በሺህ የሚቆጠሩ የመንደር ማመንጫዎች አቆሙ። የሚጠቀሙበት አንዱ ተርባይን አውስትራሊያዊው ሚቸልና ሃንጋሪያዊው ባንኪ ከመቶ ዓመት በፊት ያሰቡት ዓይነት ነው። ምላጮቹ የብረት ቱቦ በቁመቱ ተሰንጥቆ የሚሠሩ ናቸው፤ ብየዳና መጋዝ ያለው ጋራዥ ሊሠራቸው ይችላል። ባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመ ፖሊ ቴክኒክ ነበራት፤ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው አካል ሆኗል። ከሞጣ ባሕር ዳር በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አንድ ኩሺኔታ ሲበላሽ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር የሚጠበቅ ከሆነ ማመንጫው በሁለተኛው ዓመት ዝገት ይሆናል፤ ባሕር ዳር የሚሠራ ከሆነ በሳምንቱ ይዞራል።

የማመንጫው ጠባቂም ደመወዝ ይፈልጋል። ለሁለት ሳምንት የሠለጠነ አንድ የመንደሩ ልጅ በወር የሚከፈለው ነገር ከሌለ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ቁልፉ ከእርሱ ጋር ይሄዳል። ክፍያው ከየቤቱ በዕድር ሥርዓት ቢሰበሰብ ይሻላል እላለሁ። ዕድርን ሰው አይከዳም።

አሁን በዚያ አገር ውጊያ አለ። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ገበሬው በሁለት ጠመንጃ መሐል ሆኖ ሲያርስ፣ ስለ ቦይና ተርባይን መጻፍ ከጊዜው ውጭ ለሚመስለው ሰው አልፈርድበትም። ግን ሰላሙ ሲመጣ ሁሉም ተሯሩጦ ፕሮጀክት ይጽፋል፤ በዚያን ጊዜ የሚጎድለው ገንዘብ ሳይሆን የበጋ ውሃ መዝገብ ነው። የትኛው ጅረት በደረቁ ወር ስንት ሊትር እንደሚሰጥ የሚያውቁት ባለወፍጮዎችና የውሃ አባቶች ናቸው፣ እነርሱም አልጻፉትም። የአንድ ዓመት ልኬት ደግሞ አያስተማምንም፤ አንዱ በጋ ይጠግባል፣ ሌላው ይራባል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለሥራ ልምምድ ሲወጡ በሚያዝያ ቢወጡ፣ ሜትር፣ ሰዓትና ገለባ ብቻ ይዘው ከየወፍጮ ቤቱ ቢለኩ፣ ቁጥሩን በሽማግሌ ከተስማሙበት የውሃ ተራ ጋር በቀበሌው መዝገብ ላይ ቢያሰፍሩትና ለአምስት ዓመት ያህል ቢደጋግሙት፣ ለምሥራቅ ጎጃም እስካሁን በመንደር ደረጃ ያልተሠራ መዝገብ ይኖራል። ወጪው የአውቶብስና የስንቅ ነው።